በእጅ የተሠሩ ባለ ቱቦ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ማወዳደር፦ ከሰርኪዩቱ ወደ ጆሮ

በአነስተኛ ወርክሾፕ፣ በጥቂት ቁጥር፣ በእጅ ተበይዶ የሚወጣ ባለ ቱቦ (ድምፅን በመስታወት ቫኩም ቱቦ የሚያጎላ) የጊታር አምፕሊፋየር ዋጋው ከፋብሪካው ምርት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ሞቃት»፣ «ጥልቅ»፣ «ሕይወት ያለው» የሚሉ ቃላት ይደረድራል። እነዚህን ቃላት ይዞ ሁለት አምፕሊፋየሮችን ማወዳደር ግን አይቻልም፤ ስለ ሁሉም የሚባለው አንድ ነውና። የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ሰርኪዩቶቹ (የኤሌክትሪክ ክፍሎቻቸው አቀማመጥና ግንኙነት) የሚለያዩባቸውን ጥቂት ቦታዎች ማወቅ፣ ቀጥሎ ጆሮን የሚያታልሉትን ሌሎች ነገሮች ሁሉ እኩል ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየፈለጉ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረ ጊታር ተጫዋችም በትዕግሥት ከሠራበት ከዚህ ይጠቀማል።

ከመጀመራችሁ በፊት

በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ አለ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ይህን ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ይህም ሰው ይገድላል። ካፓሲተሮችን ማፍሰስንና ባዶ መሆናቸውን በመለኪያ ማረጋገጥን ከባለሙያ ያልተማረ ሰው ሻሲውን (ሰርኪዩቱ የሚቀመጥበትን የብረት ሣጥን) አይክፈት። እዚህ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ ሻሲው ሳይከፈት የሚከናወን ነው፤ ሰርኪዩቱን የምናነበው ከሥዕሉ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ለመሣሪያው ነው። ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ስፒከር ሳይገናኝበት ፈጽሞ አይጫወት። ጭነት ያጣ የውጤት ትራንስፎርመር ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ፈጥሮ ራሱንም ቱቦዎቹንም ሊያቃጥል ይችላል። ስፒከር ስትቀያይሩ አስቀድማችሁ አጥፉ፤ የስፒከሩ ኦም (4፣ 8 ወይም 16) ከተሰካበት መውጫ ጋር መግጠሙንም አረጋግጡ።

1. የዘር ሐረጉን ቁጠሩ

አንድ እንግዳ ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ከፊታችሁ ያለው አምፕሊፋየርም ከየትኛው ቤት እንደመጣ መጠየቅ አለበት። ሁለት ቤት ወደ ኋላ መቁጠር ይበቃል። በእጅ የሚሠሩት አምፕሊፋየሮች አብዛኞቹ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከተሠሩ አራት ሰርኪዩቶች ነው።

የመጀመሪያው የፌንደር ትዊድ ዴሉክስ ነው፤ የሰርኪዩቱ መለያ 5ኢ3 ይባላል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960 ገደማ ተሠርቷል። ሁለት 6ቪ6 ቱቦዎች፣ ከ12 እስከ 15 ዋት ኃይል፣ አንድ የቶን ማዞሪያ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ሁለተኛው የፌንደር ባስማን ነው፤ 5ኤፍ6-ኤ የተባለው ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው። ጂም ማርሻል በለንደን ሱቁ ከባልደረቦቹ ጋር በ1962 ያወጣው ጄቲኤም45 የዚህ የባስማን ቅጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ባስማንንና የማርሻልን ወገን እንደ አንድ ቤት ቁጠሯቸው። ሦስተኛው ከ1963 ጀምሮ የወጣው ፊቱ ጥቁር የሆነው የፌንደር ወገን ሲሆን፣ ኤቢ763 በሚባለው ሰርኪዩት የተሠራው ዴሉክስ ሪቨርብ የታወቀው ወኪሉ ነው። አራተኛው የእንግሊዙ ቮክስ ነው። ዲክ ዴኒ ዳርትፎርድ በነበረው የቶም ጄኒንግስ ኩባንያ ኤሲ15ን ነድፎ በ1958 ለገበያ አበቃው፤ ኤሲ30 የተባለው ትልቁ ወንድሙ ብዙም ሳይቆይ ተከተለ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። ማርክ ሳምፕሰንና ሪክ ፔሮታ በ1989 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመሠረቱት ማችለስ፣ ዲሲ-30 በሚባለው ሞዴሉ የቮክስ ቤት ልጅ ነው፤ አራት ኢኤል84 ቱቦዎችና 30 ዋት። ኢሊኖይ የሚሠራው ቪክቶሪያ በትዊድ ወገን ላይ ያተኩራል። ኬን ፊሸር ኒው ጀርሲ ውስጥ በጥቂት ቁጥር የሠራቸው ትሬንሬክ አምፕሊፋየሮች ከእንግሊዞቹ ይነሳሉ፤ ኤክስፕረስ ሁለት ኢኤል34 ሲይዝ፣ ሊቨርፑል አራት ኢኤል84 ይይዛል። ፊሸር በመለያ ቁጥር ፋንታ የሴት ስም ይሰጣቸው ነበር። በ2022 ያረፈው አሌክሳንደር ደምብል ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦቨርድራይቭ ስፔሻልን ለእያንዳንዱ ተጫዋች እያስተካከለ ይሠራ ነበር፤ የዚህ አምፕሊፋየር መሠረት ፊቱ ጥቁር ፌንደር ነው። ዛሬ የደምብል ሥራ በመቶ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ስለሚሸጥ፣ ብዙዎቻችን የምናገኘው የእሱን ሥራ መነሻ አድርገው የሠሩ ሰዎችን ምርት ነው፤ ቱ-ሮክ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዘሩን ማወቅ የሚጠቅመው ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ለማነጻጸር ነው። የትዊድ ልጅ ከማችለስ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ልጆችን ማነጻጸር ግን የሠሪውን እጅ ያሳያል።

2. የኤሌክትሪኩን መስመር እኩል አድርጉ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ በተለይ ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስመጣ ኢትዮጵያዊ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣ ነው። አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይጠቀማሉ። ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 120 ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የብረት ልቡ ይበልጥ ይጫናል፣ ይበልጥም ይሞቃል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሠሪውን «ትራንስፎርመሩ ለ50 ኸርዝ ተሠርቷል? የ230 ወይም የ240 ቮልት መግቢያስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ፣ ቅያሬውን ባለሙያ ያድርገው። የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር የምትጠቀሙ ከሆነም ዋቱ አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ከሚስበው በደንብ የሚበልጥ ይሁን። አምፕሊፋየሩ የሚስበው ደግሞ ለስፒከሩ ከሚሰጠው ዋት ብዙ እጥፍ መሆኑን አትርሱ፤ ቱቦዎቹን ለማሞቅ ብቻ ብዙ ኃይል ይሄዳል።

የመስመሩ ከፍታ ራሱ ድምፅን ይለውጣል። ቮልቴጁ ሲወርድ ድምፁ ቶሎ ይሰባበራል (ወደ ዲስቶርሽን ይገባል)፣ ምቱም ይለሰልሳል፤ ሲወጣ ይጠነክራል፣ ቱቦዎቹም ይጎዳሉ። አንዱን አምፕሊፋየር ከሰዓት በኋላ፣ ሌላውን መብራት በሚዳከምበት ምሽት ሰምታችሁ አትፍረዱ። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ መስመር፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አሙቃችሁ ስሟቸው።

3. የሰርኪዩቱን ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ

የአራቱ አባቶች ሥዕል በቀላሉ ይገኛል። የልጆቹን ሥዕል አንዳንድ ሠሪዎች አይሰጡም፤ ደምብል እንዲያውም የሰርኪዩቱን ክፍሎች በኤፖክሲ ይሸፍን ነበር። ሥዕሉን ካጣችሁ ከታች ያሉትን ነጥቦች ወደ ጥያቄ ለውጡና ሠሪውን ጠይቁ። ሥራውን የሚያከብር ሠሪ ይመልስላችኋል፤ አልመልስም ካለም ይህን ከዋጋው ጋር አስቡት።

ከጊታሩ መሰኪያ ጀምሩ። የመጀመሪያው ቱቦ ምንድን ነው? በጥንቶቹ የትዊድ አምፕሊፋየሮች 12ኤዋይ7 ነው፤ የማጉላት አቅሙ 44 ገደማ ነው። ማርሻል በቦታው ኢሲሲ83 አስገባ፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሉት ነው፣ አቅሙም 100። ማርሻል ከባስማን ቀድሞ የሚሰባበርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዲሲ-30ና ጥንታዊው ኤሲ15 ደግሞ በአንዱ ቻናላቸው ኢኤፍ86 የተባለ ፔንቶድ (አምስት ኤሌክትሮድ ያለው ቱቦ) ይጠቀማሉ። ፔንቶድ በአንድ ደረጃ ብዙ ያጎላል፤ ድምፁም ሰፊና ሞላ ያለ ነው፤ ነገር ግን ለንዝረት ስስ በመሆኑ ከስፒከሩ ጋር በአንድ ሣጥን ሲሆን የመንቀጥቀጥ ድምፅ ሊያመጣ ይችላል።

ቀጥሎ የካፓሲተሮቹን መጠን ተመልከቱ። ድምፁን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሻግሩት ካፓሲተሮች ትልቅ ሲሆኑ ቤዙ በሙሉ ያልፋል፣ ሲያንሱ ይቀነሳል። በ5ኢ3 ውስጥ አብዛኞቹ 0.1 ማይክሮፋራድ ናቸው፤ በማርሻል 0.022። ይህ ትንሽ የሚመስል ቁጥር በጆሮ ጎልቶ ይሰማል፦ ትዊድ ዴሉክስ ከፍ ሲል ወፍራሙ ክር ይላላል፣ ይበታተናል፤ ማርሻል ግን ቅርጹን ይይዛል። ማርሻል በኋለኞቹ ሞዴሎቹ በካቶዱ (ኤሌክትሮን በሚለቀው የቱቦው ክፍል) ላይ ያለውን ካፓሲተር ወደ 0.68 ማይክሮፋራድ ዝቅ ሲያደርገው፣ ከመሰባበሩ በፊት ቤዙን ለመግፈፍ ነው። ቤዝን ከመሰባበሩ በፊት የሚቀንስ ሰርኪዩት ጥርት ያለ ዲስቶርሽን ይሰጣል፤ የማይቀንስ ደግሞ ወፍራምና ደብዛዛ። አንዳቸውም ስሕተት አይደሉም፤ ምርጫ ናቸው።

የቤዝ፣ የሚድና የትሬብል ክፍል የት ተቀምጧል? እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው ይህን ነው። ፊቱ ጥቁር በሆነው ፌንደር የቶኑ ክፍል ወዲያው ከመጀመሪያው የማጉያ ደረጃ ቀጥሎ ይመጣል። ይህ ክፍል የመካከለኛውን ድምፅ በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀጣዮቹ ደረጃዎች የሚያጎሉት መካከሉ የጎደለውን ድምፅ ነው። ንጹሕና አንጸባራቂ የሚመስለው ለዚህ ነው። በባስማን፣ በማርሻልና ቶፕ ቡስት በሚባለው የቮክስ ቻናል ግን የቶኑ ክፍል ከተጨማሪ የማጉያ ደረጃና ካቶድ ፎሎወር ከሚባለው (ሳያጎላ ጉልበት ብቻ የሚሰጥ ደረጃ) በኋላ ነው፤ ድምፁ በመጀመሪያ ይጎላል፣ ይሰባበራል፣ ከዚያ ይቀረጻል። ደምብል የፌንደሩን አቀማመጥ ይዞ ከኋላው ሁለት የማጉያ ደረጃዎች ጨመረ፤ በዚህ የተነሳ በንጹሑ ቻናል ላይ ያስተካከላችሁት ቶን የዲስቶርሽኑንም መልክ ይወስናል። ኤክስፕረስ ሌላ መንገድ ሄደ፦ ከፌዝ ኢንቨርተሩ (ቀጥሎ የምናየው) በፊት ሦስት የማጉያ ደረጃዎች በተከታታይ፣ ማስተር ቮልዩም (ዲስቶርሽኑን ጠብቆ ከፍታውን የሚቀንስ ማዞሪያ) የለውም። ዲስቶርሽኑን የምትቆጣጠሩት በጊታሩ ማዞሪያና በእጃችሁ ኃይል ነው።

ከዚያ ፌዝ ኢንቨርተሩ አለ፤ ድምፁን ለሁለት ከፍሎ ለኃይል ቱቦዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚልክ ደረጃ ነው። ትዊድ ዴሉክስ ካቶዳይን የሚባለውን ቀላል ዓይነት፣ ባስማን፣ ማርሻል፣ ቮክስና ጥቁሩ ፌንደር ደግሞ ሎንግ-ቴይል የሚባለውን ይጠቀማሉ። ሁለተኛው ለኃይል ቱቦዎቹ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ካቶዳይን ራሱ ከመጠን በላይ ሲጫን የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ የትዊድ መለያ ነው፤ የሚወዱት በጣም ይወዱታል።

የኃይል ቱቦዎቹ ባያስ (ድምፅ ሳይኖርም በቱቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነው ቅንብር) እንዴት ነው? ካቶድ ባያስ ከሆነ ቱቦው በራሱ የሚስተካከል ሲሆን፣ በኃይል ሲመታ ድምፁ ይጨመቃል፣ ቀስ ብሎም ይመለሳል። ትዊድ ዴሉክስና ቮክስ እንዲህ ናቸው። ቋሚ ባያስ ከሆነ ደግሞ ምቱ ፈጣንና ጠንካራ ነው፤ ባስማንና ዴሉክስ ሪቨርብ እንዲህ ናቸው። በዚህ አጋጣሚ «ንጹሕ ክላስ ኤ» (የኃይል ቱቦዎቹ ሳያርፉ የሚሠሩበት ዘዴ) በሚለው የማስታወቂያ ቃል አትወሰዱ። ኤሲ30 ራሱ በሙሉ ኃይሉ ሲጫወት ቱቦዎቹ በተራ ወደሚያርፉበት ወደ ክላስ ኤቢ ይገባል። የምትሰሙት ልዩነት የሚመጣው ከካቶድ ባያሱና ቀጥሎ ከምናየው ከኔጋቲቭ ፊድባክ አለመኖር ነው።

ኔጋቲቭ ፊድባክ ማለት ከስፒከሩ መውጫ ትንሽ ድምፅ ተወስዶ ወደ ፌዝ ኢንቨርተሩ የሚመለስበት መስመር ነው። ይህ መስመር ስሕተትን ያርማል፦ ድምፁን ያስተካክላል፣ የስፒከሩን ልቅነት ይገታል፣ ንጹሕ ሆኖ የሚቆይበትንም ክልል ያሰፋል። ሲሰባበር ግን በድንገት ነው። መስመሩ ከሌለ መሰባበሩ ቀስ በቀስ ይመጣል፣ የመካከለኛው ድምፅ ወደፊት ይወጣል፣ ስፒከሩም እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። በ5ኢ3ና በኤሲ30 ይህ መስመር የለም። በባስማን በ27 ኪሎ ኦም ረዚስተር በኩል ከ2 ኦሙ መውጫ ይመለሳል፤ በጄቲኤም45 በዚያው በ27 ኪሎ ኦም ከ16 ኦሙ። የ16 ኦሙ መውጫ ቮልቴጅ ከ2 ኦሙ ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ «ቅጂ» የተባለው ማርሻል ከአባቱ እጅግ የበዛ ፊድባክ አለው። ሁለት ሥዕሎች አንድ ዓይነት መስለው ድምፃቸው የሚለያየው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። ፕረዘንስ የሚባለው ማዞሪያም የሚሠራው በዚህ መስመር ላይ በመሆኑ፣ ጥንታዊ ፕረዘንስ ያለው አምፕሊፋየር ፊድባክ አለው ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን ሬክቲፋየር እዩ። 5ዋይ3 የተባለው ቱቦ በጭነት ጊዜ 50 ቮልትና ከዚያ በላይ ይውጣል፤ ጂዜድ34 ከዚያ በጣም ያነሰ፤ የዳዮድ ሬክቲፋየር ደግሞ ከቁጥር የማይገባ። በኃይል ስትመቱ ቮልቴጁ ይረግብና ድምፁ ሸሸት ብሎ ይመለሳል፤ ሬክቲፋየሩ ብዙ በዋጠ ቁጥር ይህ መርገብ ይጨምራል።

ስለ ብየዳው አሠራር የሚባለውንም ላንሳ። ክፍሎቹ በቀጥታ ከእግር ወደ እግር መበየዳቸው ወይም በታተመ የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ መቀመጣቸው፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ጋር ሲነጻጸር በድምፅ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። የሽቦዎቹ አቀማመጥ ጥሩ ከሆነ ጉምጉምታው ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። በእጅ የተበየደ አምፕሊፋየር ትልቁ ጥቅሙ ግን ከ30 ዓመት በኋላም ማንኛውም የተማረ ጠጋኝ ከፍቶ ሊያድነው መቻሉ ነው። ሠሪው ውቅያኖስ ማዶ ላለበት ተጫዋች ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

4. ስፒከሩንና የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ

ሁለት ኮምቦ (ስፒከራቸው በአንድ ሣጥን የሆነ) አምፕሊፋየሮችን በየራሳቸው ስፒከር ብታወዳድሩ፣ ያወዳደራችሁት በአብዛኛው ስፒከሮቹን ነው። አንዱ ስፒከር በአንድ ዋት 97 ዴሲቤል፣ ሌላው 100 ዴሲቤል የሚያወጣ ከሆነ፣ የ3 ዴሲቤሉ ልዩነት የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አንድ የስፒከር ሣጥን ምረጡና ሁለቱንም አምፕሊፋየሮች ተራ በተራ በእሱ አጫውቱ። የስፒከሩ የዋት አቅም ከሁለቱም አምፕሊፋየሮች ይብለጥ። ሴለስቸን ብሉ የሚባለው የቮክስ ታዋቂ ስፒከር 15 ዋት ብቻ ስለሚችል፣ አንዱን ብቻውን በ30 ዋት አምፕሊፋየር ላይ መሰካት ስፒከሩን ማቃጠል ነው። በየራሳቸው ስፒከር መስማት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

የድምፅ ከፍታውን ማስተካከል ደግሞ የዚህ ሥራ ሁሉ ምሰሶ ነው። በጥቂቱ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሰሚው ከፍ ማለቱን እንኳ አያስተውልም። ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ቤዙንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን ገና በ1933 አሳይተዋል። ስለዚህ ከፍ ያለው አምፕሊፋየር ቤዙ የሞላ፣ አናቱም የጠራ ሆኖ ይሰማል፤ ሰርኪዩቱ ግን ምንም አላደረገም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫኑ፤ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ሁለት ድምፆችን ለማነጻጸር ይበቃል። ስልኩን ከስፒከሩ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አቁሙና አታንቀሳቅሱት። መለኪያውን ሲ በሚባለው ሚዛንና በዝግታ ንባብ ላይ አድርጉ። አንድ አጭር ሐረግ በሉፕ ፔዳል ቀድታችሁ ደጋግሞ እንዲጫወት ልቀቁት። ከዚያ የሁለቱን አምፕሊፋየሮች አማካይ ንባብ ከአንድ ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት አቀራርቡ። ቅጽበታዊውን ጫፍ ሳይሆን አማካዩን ተከተሉ፤ ድምፅ የሚጨምቅ አምፕሊፋየር ጫፉ ዝቅ ብሎም ለጆሮ ከፍ ያለ ነውና። ማዞሪያ በነካችሁ ቁጥር መለኪያውን እንደገና አስተካክሉ።

ስለ ጆሯችሁም አስቡ። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲፈቀድ፣ 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። የደከመ ጆሮ ደግሞ አናቱ የበዛውን አምፕሊፋየር ይመርጣል፤ ስለዚህ ዕረፍት ውሰዱ።

5. ማዞሪያዎቹን በቁጥር ሳይሆን በጆሮ አዘጋጁ

ሁሉንም ማዞሪያ 5 ላይ አድርጎ ማወዳደር ፍትሐዊ ይመስላል፤ አይደለም። በፌንደርና በማርሻል የቶን ክፍል ሁሉም 5 ላይ ሲሆን መካከለኛው ድምፅ ጎድሏል። ለጥ ወዳለው መልክ የሚያቀርበው ቤዝና ትሬብል ዜሮ፣ ሚድ 10 ሲሆን ነው። ዴሉክስ ሪቨርብ ደግሞ ጭራሽ የሚድ ማዞሪያ የለውም፤ ቦታው በ6.8 ኪሎ ኦም ረዚስተር ተወስኗል። በቮክስ ወገን ያለው ከት የሚባለው ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው ይጨምራል ብሎ ያዞረዋል። በትዊድ ዴሉክስ የማትጠቀሙበት ቻናል ቮልዩም ራሱ የምትጠቀሙበትን ቻናል ድምፅ ይለውጣል፤ ስለዚህ የት ላይ እንደቆመ ጻፉት። በመጀመሪያ ሁለቱን በንጹሕ ድምፅ በተቻለ መጠን እንዲመሳሰሉ አድርጉ። ከተመሳሰሉ በኋላ የማይጠፋው ልዩነት እውነተኛው የሰርኪዩት ልዩነት ነው።

6. አምስት ነገሮችን ተጫወቱ

ጊታሩ፣ ገመዱና ፒኩ አይቀየሩ። ሉፕ ፔዳሉ ለሚዛን ጠቃሚ ቢሆንም የእጅን ስሜት አያሳይም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በእጃችሁ ተጫወቱ።

አንድ ሰፊ ኮርድ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ በሙሉ ኃይል ምቱ። የምቱ መነሻ ጠንክሮ ይወጣል ወይስ ሸሸት ይላል? ሬክቲፋየሩንና ባያሱን የምትሰሙት እዚህ ነው።

ወፍራሙን ክር በመዳፍ አፍናችሁ ፈጠን ባለ ምት ተጫወቱ። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ከተሰማ ካፓሲተሮቹ ቤዙን ገፈውታል፤ ምቶቹ ከተያያዙና ከላሉ በሙሉ አሳልፈውታል።

በቀጭኑ ሁለተኛ ክር ላይ 12ኛውን ፍሬት ይዛችሁ ኖታው እስኪጠፋ ቆዩ። ፊድባክ የሌለው አምፕሊፋየር ኖታውን ቀስ በቀስ እያጠራ ያወርደዋል፤ ፊድባክ ያለው ከተሰባበረ ድምፅ ወደ ንጹሕ የሚሻገርበት ድንበር ይሰማል።

አምፕሊፋየሩን በዲስቶርሽን አድርጋችሁ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 3 ዝቅ አድርጉ። ኤክስፕረስን የመሰሉ አምፕሊፋየሮች ዋጋቸው ያለው እዚህ ነው፤ ዝቅ ሲሉ ንጹሕና ብሩህ ይሆናሉ። ደካማ ሥራ ዝቅ ሲል ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይታፈናል።

አምስተኛው በቅኝቶቻችን የሚሠራ ፈተና ነው፤ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አምፕሊፋየር ለሚመርጥ ሁሉ አጥብቄ የምመክረውም ይህን ነው። በትዝታ ቅኝት ሁለት ሁለት ኖታ በአንድ ጊዜ ተጫወቱ፤ በሙሉ ትዝታ ውስጥ ግማሽ ቶን ስለሌለ ዲስቶርሽን ብዙም አያስቸግረውም። ከዚያ ወደ አንቺሆዬ ተሻገሩ፤ በዚህ ቅኝት ግማሽ ቶን ሁለት ቦታ አለ። የተሰባበረ ድምፅ የሁለቱን ኖታዎች ድምርና ልዩነት እንደ አዲስ ድምፅ ይፈጥራል። 440 ኸርዝና 660 ኸርዝ አብረው ሲመቱ ልዩነታቸው 220 ነው፤ ይህ የ440ው ታችኛ ኦክታቭ ስለሆነ ይስማማል። ግማሽ ቶን የሚራራቁት 440 እና 466 ግን 26 ኸርዝ የሚሆን ሻካራ መንቀጥቀጥና ከቅኝቱ ውጭ የሆነ 906 ኸርዝ ያመጣሉ። በዚህ ፈተና ፊድባክ ያለውና ንጹሕ ክልሉ ሰፊ የሆነው ፊቱ ጥቁር የፌንደር ወገን ሁለቱን ኖታዎች ለይቶ ሲያሰማ፣ ትዊድ ዴሉክስ ከፍ ብሎ ሲጫወት ያደባልቃቸዋል። አንቺሆዬን ወይም አምባሰልን በድርብ ኖታ የሚጫወት ጊታሪስት ለእንዲህ ያለው ሥራ ፌንደሩን ወይም ከደምብል ወገን ንጹሑን ቻናል ቢመርጥ ይሻለዋል። በነጠላ ኖታ ለሚያዜም ሰው ግን ትዊዱ ከድምፃዊ ጋር የሚስማማ ልዩ ለዛ አለው።

7. ሳታዩ ስሙ፣ ጻፉ

ጓደኛችሁ አምፕሊፋየሮቹን ይቀያይር፤ እናንተ ጀርባችሁን ስጡ። ለእያንዳንዱ ፈተና አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። «ሞቃት» አትበሉ፤ «ወፍራሙ ክር ይላላል»፣ «መነሻው ይረግባል»፣ «ዝቅ ሲል ይጠራል» በሉ። ጽሑፋችሁ ከሥዕሉ ጋር ሲገጥም መንገዳችሁ ትክክል ነው። ካልገጠመ በመጀመሪያ የድምፅ ከፍታውን፣ ቀጥሎ የቱቦዎቹን ዕድሜ ጠርጥሩ፤ ያረጁ የኃይል ቱቦዎች ማንኛውንም አምፕሊፋየር ያደበዝዛሉ።

አንድ የመጨረሻ ፈተና ይቀራል። አንዱ አምፕሊፋየር ቀድሞ ስለሚሰባበር ብቻ ከወደዳችሁት፣ ወይም በዚያው ምክንያት ከጠላችሁት፣ አጥፍታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ ከውጭ የሚደረሰውን የመጀመሪያ 12ኤኤክስ7 ቱቦ በ5751 ቀይሩ፤ የማጉላት አቅሙ 70 ነው። ካላችሁ በ12ኤዋይ7 ሞክሩት። የድምፅ ከፍታውን እንደገና አስተካክላችሁ ስሙ። ልዩነቱ ከጠፋ፣ የሁለቱ አምፕሊፋየሮች የዋጋ ርቀት ቆሞ የነበረው በአንዲት ርካሽ ቱቦ ላይ ነበር። ልዩነቱ ካልጠፋ ግን የሰማችሁት የቶኑን ክፍል፣ ፊድባኩን ወይም ትራንስፎርመሩን ነው፤ ለእነዚህ ደግሞ ገንዘብ ማውጣት ይገባል።